ትንሽ የሚያስቀር መላጫ

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ስለዚያ ዘመን የሚጻፈው ስለ ጦር ሜዳና ስለ ጀግና፣ ስለ ተቃጠለ መንደርና ስለ ተማረከ መትረየስ ነው። እኔ የማውቀው ግን የአንድ ሰው ጢም እንዴት እንደ ተላጨ ብቻ ነው። የማታ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህራችን «የማትረሱትን ጻፉ» ያሉን ቀን ስለ ማርቆስ ገበያ አንድ ገጽ፣ ስለ ፊደል ቆጠራም አንድ ገጽ ጻፍኩና ሁለቱንም ቀደድኳቸው። በሠላሳ አራት ዓመቴ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ከልጆች መካከል የተቀመጥኩ፣ ደብተሬን በማስመሪያ የማሰምር፣ መምህሬን ደስ ለማሰኘት የምጓጓ ሰው ነኝ። ሰውን ደስ ለማሰኘት መጓጓት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ግን በአሥር ዓመቴ አይቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ፈንታሁን ከደብረ ማርቆስ መጣ። እዚያ አስተማሪ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ያገባልና ለሠርጉ የሚያስፈልገውን ስንገዛ ፒያሳን ስንዞር ዋልን። አባት ለሌለው ሙሽራ የአባቱን ቦታ የምትይዘው ታላቅ እኅቱ ናትና «የፈለግኸውን አንድ ነገር ምረጥ፣ የእኔ ስጦታ ነው» ብዬው ነበር። እሱም ከሰዓቱም ከጫማውም አልፎ የመረጠው የኤሌክትሪክ ጢም መላጫ ሆነ። ሳቅኩበት። ማርቆስ ላይ መብራት የሚመጣው ሲመሽ ነው።

«ታዲያ ማታ ተላጭተህ ጠዋት ልትሞሸር ነው? እስኪነጋ እኮ መልሶ ይበቅላል» አልኩት።

«የእኔን ጢም እግዜር ነው የሚያውቀው፣ እትዬ። አሁን እንኳ ቆመን ስናወራ እየበቀለ ነው» አለ አገጩን እየዳሰሰ።

እውነቱን ነው። ከጆሮው ሥር ጀምሮ ወደ አንገቱ የሚወርድ፣ ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ጢም አለው። ከማን እንደወረሰው እኔ አውቃለሁ። እሱ ግን አይቶት አያውቅም፤ ወይም አይቶታል፣ ግን አያስታውሰውም።

ባለሱቁ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። ሦስት መላጫ በመስተዋቱ ላይ ደርድሮ፣ አንዱ ሦስት ክብ ክብ ራስ ያለው፣ አንዱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስስ ብረት የለበሰ፣ ሦስተኛው ያረጀና ከሁለቱ ያነሰ መሆኑን ሲያስረዳን ቆየ። ከዚያም የመጀመሪያውን ሽቦ ሰክቶ ሲያስነሳው መላጫው ቀፎው እንደ ተነካ ንብ አጉረመረመ። «እጅዎን ያምጡልኝ እሜቴ፣ አይፍሩ፣ አይናከስም» ብሎ በእጄ ጀርባ ላይ አስኬደው። «ይህ ምንም አያስቀርም። አንዲት ዘለላ አያስቀርም! ሙሽሪት ጉንጩን ስትዳስስ ሕፃን ያቀፈች ነው የሚመስላት።»

ምን እንዳስጠየቀኝ አላውቅም፤ «የተላጨው ፀጉር የት ይሄዳል?» አልኩት።

ሰውየው የመላጫውን ራስ ፈታና አሳየኝ። ውስጡ እንደ ጥላሸት የደቀቀ ብናኝ ነበረበት፤ ከእኛ በፊት የሞከረው የአንድ የማናውቀው ሰው ጢም ነው። «ይሄው፣ እዚህ ይጠራቀማል፤ ከዚያ እፍ!» አለና እፍ አለበት። ብናኙ በበሩ በሚገባው ፀሐይ ውስጥ ትንሽ ተንሳፈፈና ጠፋ። እኔ የመስተዋቱን ጠርዝ ይዤ ቀረሁ። ፈንታሁን «እትዬ፣ ምነው?» ሲለኝ እሰማዋለሁ፤ ዓይኔ ግን ከእሱ አገጭ ላይ አልነሣ አለኝ።

ያደግነው ከማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል በሚያስኬድ መንደር ነው። አባቴ ገበሬ ነበር፤ የአገሩ ሰው የሚያውቀው ግን በእርሻው ሳይሆን በእጁ ነው። ምላጭ እንደ እሱ የሚይዝ ሰው በአጥቢያው አልነበረም። በዓል በደረሰ ቁጥር፣ ለፋሲካ፣ ለመስቀል፣ ለሚካኤል፣ ወንዶቹ ሁሉ ከበራችን ፊት ካለው ወይራ ሥር ይሰበሰቡና ተራ ይጠብቁ ነበር። እሱ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ተላጩ ከፊቱ መሬት ላይ ሆኖ ራሱን በአባቴ ጉልበቶች መካከል ያስገባል፤ እኔ ለብ ያለ ውሃ በቅል ይዤ ከጎን እቆማለሁ። አባቴ ምላጩን በድንጋይ ስሎ፣ በጠፍር አለስልሶ፣ በክንዱ ፀጉር ላይ ሞክሮ ሲያነሣው ወሬው ሁሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ክርር፣ ክርር የሚል ድምፅ ብቻ ነው፤ በደረቅ ሣር ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ኮቴ የመሰለ ድምፅ።

የሰው ልክ የሚታወቀው ሲላጭ ነው ይል ነበር አባቴ። በጦር ሜዳ የታወቁ ሰዎች ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፍነው «እመብርሃን» ሲሉ አይቻለሁ። የነፍስ አባታችን መምሬ አድማሱ ኩርኮራ ስለማይችሉ ምላጩ ወደ አንገታቸው ሲጠጋ ይስቁ ነበር፤ ሲስቁ ይነቃነቃሉ፤ አባቴም «አባቴ፣ ወይ ሳቁን ወይ አንገትዎን ይምረጡ» ሲላቸው የበለጠ ይስቃሉ። በመጨረሻ ሁለት ጎረምሶች ተጠርተው፣ አንዱ ራሳቸውን ሌላው ትከሻቸውን ይዞ እንደሚሸለት በግ ይላጩ ነበር። እኔ ከዚህ ሁሉ የምወደው ግን ሰዉ ከሄደ በኋላ ያለውን ነው። አባቴ የወደቀውን ፀጉር አንድም ሳይቀር ለቅሞ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብረዋል። የሰው ፀጉር አይጣልም፤ ወፍ ጎጆዋን ከሠራችበት የባለቤቱን ራስ ያዞረዋል፣ ክፉ ሰው ካገኘውም ሌላ ነገር ያደርግበታል ይባላልና። ከዚያ እኔን ከጎኑ አስቀምጦ ምላጩን እንዴት እንደሚሳል፣ ቆዳ እንዴት እንደሚወጠር፣ ፀጉር ወደ ተኛበት እንጂ በተቃራኒው እንዳይላጭ ያስተምረኝ ነበር። ሴት ልጅ ይህ ምን ያደርግላታል የሚሉ ነበሩ። እሱ «እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ከናንተ ልጆች የማንኛው እጅ እንዲህ ነው?» ይላቸዋል። ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ የእሱን ራስ እላጭ ነበር። ስጨርስ በመዳፉ ዳስሶ አንዳች ሸካራ ነገር ሲያጣ «እሰይ እናኑ!» ይለኛል። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ የፈለግሁት ምስጋና የለም።

ጣሊያን ማርቆስ ገብቶ በኮረብታው ላይ ምሽጉን ሲሠራ ሰዉ አንድ ዓመት ያህል አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ከዚያ መሣሪያ አምጡ፣ ግብር ክፈሉ፣ የደበቃችሁትን አውጡ ሲባል አገሩ ተነሣ። አባቴም ጠመንጃውን ከጎተራው ሥር አውጥቶ በመስከረም ወር ከጎረቤቶቹ ጋር ወደ ዱር ሄደ። ሲሄድ በሚካኤል ስም ተሳለ፤ አገሩ ነጻ እስኪወጣ ፀጉሩንም ጢሙንም ምላጭ አያስነካም። ያን ጊዜ ብዙዎቹ እንዲህ ነበሩ። ምላጩን በለፋ ቆዳ ጠቅልሎ ለእኔ ሰጠኝ። «ዝገት እንዳታስነኪው፤ ስመለስ ሥራ አለሽ» አለኝ። እናቴ ፈንታሁንን እርጉዝ ነበረች፤ አባቴ በሄደ በአራተኛው ወር ተወለደ፤ ስሙንም እሷ አወጣችለት፣ በአባቱ ፈንታ ይሁን ብላ።

በየቅዳሜው ምላጩን አወጣና እስለው ነበር። ላጪኝ የሚል ሰው አልነበረም፤ ወንዶቹ ሄደዋል፣ የቀሩት ሽማግሌዎችና ቀሳውስት ናቸው። እኔ ግን ሳልሰለች በድንጋይ እስላለሁ፣ በጠፍር አለሰልሳለሁ፣ በክንዴ ላይ እሞክራለሁ። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ምላጩ ከመሳል ብዛት ሰልሎ ነበር፤ ብርሃን ሲያርፍበት ጫፉ አይታይም። አባቴ ሲመለስ የማሳየው ይህን ነው። ሌላ የማሳየው ነገር አልነበረኝም።

በሁለተኛው ክረምት፣ በሐምሌ፣ ማርቆስ ከተማ የምትኖረው አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ሞተች። አንድ ልጇ እሱ ብቻ ነው፤ ሳይቀብራት ቀረ። ወሬው ዱር የደረሰው ከተቀበረች ከሳምንታት በኋላ ነው። ተዝካሯ በአርባኛው ቀን፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ላይ ይውል ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እየጣለ፣ ገሣ የለበሰ ሰው በደጃችን ገባ። ገሣውን ገለጥ ሲያደርገው ጎፈሬው ትከሻው ላይ ወድቆ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሶ፣ በመካከላቸው ዓይን ብቻ ነበር። ፈንታሁን አንድ ጊዜ አይቶት ጩኸቱን ለቀቀው። እኔም በድምፁ ነው ያወቅሁት።

እናቴ እግሩን እያጠበች ነገሩን ሰማች። ነገ ወደ ከተማ ሊገባ ነው የመጣው።

«ሙት አታይህም። አልመጣህም ብላ አትቆጣህም» አለችው።

«እሷስ አታይም» አለ አባቴ። «ወልዳ ቀባሪ አጣች የሚላት ሕያው ነው። ቀብሯን አልነበርኩም፤ ተዝካሯን ሰው ያብላው?»

«ኬላውስ?»

«ኬላ ላይ የሚፈለገው ፀጉር ነው። ጣሊያን ጎፈሬ ያየ እንደሆነ ሽፍታ ነው ብሎ ይይዛል፤ የተላጨ እንደሆነ ገበሬ ነው ብሎ ያሳልፋል። ሚካኤል ለእናቴ ስል ነው ብለው ይቅር ይለኛል።»

እናቴ ጨርቁን ጣለችው። «እኔ ስለትህን በእጄ አላፈርስም። ልላጭም ካልክ ሌላ ሰው ፈልግ» አለች።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምላጩን ከቆዳው አውጥቼ ይዤው ቆሜ ነበር።

እዚህ ላይ ነው መጻፍ የሚከብደኝ። ቤታችን ውስጥ ሁለት ምላጭ ነበረ። አንደኛው ይህ የእኔ ነው። ሁለተኛው እናቴ ክርና ጥፍር የምትቆርጥበት፣ ጫፉ የተሸራረፈ አሮጌ ምላጭ ነው። አባቴ በበሩ አጠገብ፣ ብርሃን ባለበት፣ መሬት ላይ ተቀመጠና ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ እንዲህ አለኝ፦ «በአሮጌው ላጪኝ። ጎፈሬውን አንሺው። ጢሙን ግን አሳጥሪው እንጂ አትጨርሺው። ከጆሮዬ በታች፣ ከአገጬ ላይ፣ እንዲህ ያልተስተካከለ አድርገሽ ትንሽ አስቀሪልኝ።» ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ለትልቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግምና ለእሷም አያስፈልጋትም ብሎ ይሆናል። እናቱ የሞተችበት ወንድ ጢሙን አይላጭም፤ ያሳድጋል፤ ከአርባው በፊት የተላጨ ሐዘንተኛ የለም። ይህን በአገራችን የማያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም አውቀው ነበር። ግን ያን ቀን የማየው ሐዘንተኛ አልነበረም፤ የማየው አባቴን ነው፤ የማስበውም ሁለት ዓመት የሳልኩትን ምላጭ ነው።

በጎፈሬው ጀመርኩ፤ በአሮጌው ምላጭ። ይነጫል፣ ይይዛል፣ አባቴ ጥርሱን ይነክሳል። ከዚያ ራሱ ቀስ በቀስ ከበደኝ። ወደ ጉልበቴ ተጋደመ። አራት ቀን ሙሉ በእግሩ ሲጓዝ እንቅልፍ አላየም ነበርና እንቅልፍ ወሰደው። ከፍቶት የተኛውን አፉን፣ ከቆዳው ሥር የወጡትን አጥንቶች አየሁ። ይህን ሰው እንዲህ በሚነጭ ብረት ላሠቃየው? አልኩ። አሮጌውን አስቀምጬ የእኔን አነሣሁ።

በቅቤ ውስጥ እንደሚሄድ ሄደ። ክርር፣ ክርር። ቆዳውን እንዳስተማረኝ ወጥሬ፣ ወደ ተኛበት፣ ከጆሮው እስከ ጉንጩ፣ ከጉንጩ እስከ አገጩ። ትንሽ ላስቀር ብዬ ከጆሮው በታች ቆም ያልኩበት ጊዜ ትዝ ይለኛል። ያ የቀረው ነገር አስቀያሚ ነበር፤ ያልተማረ ሰው ሥራ ይመስል ነበር። ሲነቃ በመዳፉ ይዳስሰዋል፣ ሸካራ ነገር ያገኛል፣ «እሰይ እናኑ» አይለኝም። አነሣሁት። በግራም በኩል አነሣሁት። ስጨርስ ከጎፈሬውና ከጢሙ ሥር የወጣው የአባቴ ፊት፣ ሲሄድ የማውቀው፣ ወጣት፣ ለስላሳ ፊት ነበር፤ ተመልሶ መጣልኝ።

ሲነቃ መዳፉን አንሥቶ ጉንጩን ዳሰሰ። እጁ ከጆሮው በታች ሲደርስ ቆመ። ወደ ግራው አሻገረው፤ እዚያም ቆመ። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ቀና ብላ አየችውና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ ምስጋናዬን እየጠበቅሁ ነበር። አባቴ መሬቱን አየ፤ ከዚያ ሳቀ፤ እጄን ይዞ መዳፌን ሳመውና «እሰይ እናኑ! ሙሽራ አደረግሽኝ» አለኝ።

ሲያለቅስ የዋለው ፈንታሁን እየተንገዳገደ ወደ እሱ የሄደው ያን ጊዜ ነው። ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ትንሿን መዳፉን ዘርግቶ በአባቴ ጉንጭ ላይ አኖራት፤ ቆየባት። አባቴ አልተነቃነቀም። ልጁ እንዳይሸሽ ትንፋሹን የያዘ ይመስል ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት እናቴ አመድና ቅቤ ለውሳ ፊቱን ቀባችው፤ ጢም ሸፍኖት የኖረው ቆዳ ከግንባሩ ይልቅ ነጥቶ ነበር። ስትቀባው ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ይቅርብህ። ጣሊያን ባያውቅ ባንዳው ያውቃል። አገሬው ነው፤ ሐዘን ያውቃል» ትላለች እናቴ።

«ብቀር ልጅቷ ምን ይመስላታል?» አለ አባቴ በቀስታ። «በእሷ ምክንያት የቀረሁ ነው የሚመስላት።»

ያን ጊዜ ቃሉን ሰማሁት፤ ትርጉሙን ግን አልሰማሁትም። ልጅ የያዘ ሰው አይጠረጠርም ተብሎ እኔ አብሬው ሄድኩ። ጭቃውን እየረገጥን፣ ዝናቡ ሲያካፋ እኔን በገሣው ውስጥ እያስገባኝ፣ ስለ ምላጩ አወራን። እንዴት እንደሳልኩት ነገርኩት። የትኛው ድንጋይ እንደሚሻል ጠየቀኝ። እንደ እኩያው ነው ያወራኝ።

ኬላው ከተማው መግቢያ ላይ ነበር። ጣሊያኑ በጣራ ሥር ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል፤ ከእሱ ጋር ሁለት የእኛው ሰዎች፣ ባንዳዎች፣ ነበሩ። ጣሊያኑ አባቴን ከላይ እስከ ታች አየው፤ የተላጨውን ራሱን፣ የተላጨውን ፊቱን አየ። አንዱ ባንዳ የት እንደሚሄድ ጠየቀው። አባቴ እውነቱን ተናገረ፤ የእናቴ ተዝካር ነው አለ። ጣሊያኑ በእጁ ሂዱ አለን። አለፍን። አሥር እርምጃ ያህል አልፈን ነበር።

«ሰውዬ!» አለ ሁለተኛው ባንዳ። እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ የነበረው፣ በዕድሜ የገፋው ነው። ቀስ ብሎ መጣ፤ በእጁ ጀርባ የአባቴን ጉንጭ ነካ፤ ከጆሮው በታች እስከ አገጩ ድረስ አወረደው። «እናትህ ከሞተች አርባ ቀን፣ ጉንጭህ የሙሽራ» አለው። «የትኛው አገር ሐዘን ነው ይሄ?»

አባቴ ገሣውን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገ።

«ማን ላጨህ?»

«ራሴው።»

«ራሱን የላጨ ሰው እዚህ ጋ ያስቀራል» አለ ሰውየው፣ ጣቱን ከአባቴ ጆሮ ሥር አድርጎ። ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞሮ «ጥሩ እጅ ነው የላጨው፤ ይገርማል» አለ።

ይህን የምጽፈው መጻፍ ስላለብኝ ነው። ያ ሰው «ጥሩ እጅ ነው» ሲል፣ ለዓይን ቅጽበት፣ ደስ አለኝ። ለፈገግታም አፌን ከፍቼ እንደሆነ አላውቅም። እስከ ዛሬ፣ ከአባቴ ፊት ይልቅ፣ ያ ቅጽበት ነው በማንቀላፋበትም በማነብበትም መካከል የሚመጣብኝ።

ሲይዙት አልታገለም። ገሣውን አውልቆ በእኔ ራስ ላይ ጣለው። «ዝናብ ነው፤ ቤትሽ ግቢ» አለኝ። ዓይኔን አላየም፤ ቢያይ ኖሮ የላጨው እጅ የማን እንደሆነ ባንዳዎቹ ያውቁብኝ ነበር። ገሣው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርስ ነበርና እየጎተትኩት ሁለት ሰዓቱን መንገድ ተመለስኩ።

እናቴ አንድ ቀን እንኳ አንቺ ነሽ አላለችኝም። የወደቀውን ጎፈሬና ጢም ዓርብ ማታውኑ ለቅማ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ከምሰሶው አናት፣ ከሣሩ ውስጥ ሸጉጣው ነበር። አልቀበረችውም። ሕያው ሰው ነው፣ ፀጉሩን መቅበር ሟርት ይሆናል አለች። ምላጩን እኔ አልነካሁትም። ከዚያ በኋላ ወንድ ባየሁ ቁጥር ከዓይኑ ይልቅ የማየው አገጩን ነው፤ ከጆሮው በታች ትንሽ ማስቀረቱን፣ አለማስቀረቱን። ዛሬ ክፍል ውስጥ እንኳ ከፊቴ የሚቀመጡትን ወጣቶች የማውቃቸው በዚሁ ነው፤ ስማቸውን የያዝኩት ኋላ ነው።

ጣሊያን ማርቆስን ለቅቆ የሄደ ጊዜ እስር ቤቱ ተከፈተና ሰዎቹ ወጡ። እናቴ ፈንታሁንን አዝላ፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ በሩ ላይ ቆምን። የሚወጡት ሁሉ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የደረሰ ነበር፤ ሚስቶች ባሎቻቸውን ማወቅ ያቅታቸው ነበር፤ አንዲት ሴት የሌላ ሰው አንገት ላይ ተጠምጥማ አልቅሳ ስታበቃ ተለያይተው ሲሳሳቁ አየሁ። እኔ በእያንዳንዱ ጢም ውስጥ ያንን የላጨሁትን ፊት እፈልግ ነበር። ሰዉ አልቆ በሩ ባዶውን ሲቀር አንድ ሽማግሌ እናቴን ወደ ጎን ወስዶ አነጋገራት። ተላጭቶ የመጣ አንድ ሰው አስታውሳለሁ አላት፤ በሳምንቱ ጠርተው አወጡት፤ ከዚያ አልተመለሰም። የት እንደ ጣሉት የሚያውቅ የለም።

እናቴ ሁለት ወር ለቅሶ ሳትቀመጥ ከረመች። ሌሎች እስረኞች ከሩቅ አገር እየተመለሱ ነበርና ትጠብቅ ነበር መሰለኝ። ከዚያ በሰኔ፣ የሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ከሣሩ ውስጥ ቋጠሮውን አወረደችው፤ ምላጩንም ካስቀመጥኩበት አውጥታ መጣችና ወይራው ሥር፣ አባቴ ይቀመጥበት በነበረው ድንጋይ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። ሻሿን ፈታች። «ነይ፤ ላጪኝ» አለችኝ።

ባሏ የሞተባት ሴት ራሷን ትላጫለች። እሷ እስከዚያች ቀን አልተላጨችም ነበር። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ራሷን በጉልበቶቼ መካከል ያዝኩ። ምላጩ ዝጎ ነበር። እጄ፣ ያ የማይንቀጠቀጠው እጄ፣ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አታስቀሪ» አለችኝ። «ምንም አታስቀሪብኝ።»

ሞከርኩ። ስጨርስ ራሷ ላይ እዚህም እዚያም ቆጥቋጦ የመሰለ ፀጉር ቀርቶ ነበር። በመዳፏ ዳሰሰችው፤ እጇ በእያንዳንዱ ሸካራ ቦታ ላይ ቆም ቆም አለ። «እሰይ እናኑ» አለችኝ፣ አባቴ ይል እንደነበረው አድርጋ፤ ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኻ አለቀሰች።

ሬሳ ሳይኖር መቃብር ይቆፈራል ወይ ተብሎ መምሬ አድማሱ ተጠየቁ። እኒያ ሲላጩ የሚስቁት ሰውዬ ቋጠሮውን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። «ከሥጋው ነው» አሉ። «ከሥጋው የቀረልን ይህ ነው፤ ይህን እንቅበር።»

ይህን ሁሉ ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ለፈንታሁን አልነገርኩትም። ይህ ጽሑፍ ከተመለሰልኝ በኋላ ያነበው ይሆናል። ያን ቀን ግን ሽቦውን ይዞ የሚጠብቀውን ባለሱቅ «ያንን፣ ያረጀውን ይስጡኝ» አልኩት።

«እሜቴ፣ እሱ እኮ እውነቱን ልንገርዎ፣ ከጆሮ ሥር ትንሽ ያስቀራል።»

«እትዬ፣ የሚያስቀር መላጫ ማን ይገዛል?» አለ ፈንታሁንም እየሳቀ።

«እኔ» አልኩት። እጄን ዘርግቼ ጉንጩ ላይ አኖርኩት፤ እሱም አልተነቃነቀም። እናቴ ካረፈች ወዲህ በዓለም ላይ የአባቴን ጉንጭ የነካ መዳፍ የቀረው የእኔና የእሱ ብቻ ነው፤ የእሱ መዳፍ ግን የነካውን አያውቅም። የጎደለብኝን ስለካ የማገኘው ይህን ነው፤ አባቴን ብቻ ሳይሆን፣ አባቴን የሚያስታውስልኝ ሁለተኛ ሰው ነው ያጣሁት።

የአባቴን ጢምና ጎፈሬ፣ ምላጩን ከላዩ አድርገን፣ በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የቀበርነው ሰኔ 13 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።